ከሃሪኬን በኋላ የመብራት መስመር ጥገና ወረቀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በአሜሪካ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻና በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች፣ በገጠር የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና በማዘጋጃ ቤት የመብራት አገልግሎቶች ውስጥ በሂሳብ፣ በግዥ፣ በንብረት ክፍል ወይም በመስመር ሥራ ላይ ላሉ አማርኛ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። ሃሪኬን የሚባለው ከባሕር የሚነሣ ብርቱ አውሎ ነፋስ በአንድ ሌሊት ያልፋል። የጣለውን ምሰሶ ማቆም ሳምንታት ይፈጃል፤ የወጣውን ገንዘብ ማስመለስ ደግሞ ዓመታት። ለዚህ ነው ከመስክ የሚመጣው ወረቀት በሁሉም ቡድን ዘንድ አንድ ወጥ ይሁን የሚባለው፤ ይህ ገጽም የሚያስረዳው ያንኑ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መብራት ከመጣ በኋላ የምን ወረቀት ነው የሚቀረው?

የገንዘቡ ወረቀት። በ1988 የወጣው የስታፎርድ ሕግ፣ ፕሬዚዳንቱ ከፍተኛ አደጋ መድረሱን ባወጁበት አካባቢ፣ የመንግሥትና ለትርፍ ያልቆሙ አገልግሎት ሰጪዎች ለጥገና ካወጡት ተቀባይነት ያለው ወጪ ቢያንስ 75 በመቶው ከፌዴራል መንግሥት እንዲመለስላቸው ይፈቅዳል። ይህን የሚያስተዳድረው በተለምዶ ፌማ የሚባለው የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ድርጅት ነው፤ ገንዘቡም የሚመጣው በግዛቱ መንግሥት በኩል ነው።

አንድ አነስተኛ ማኅበር ጥቂት ሺህ ምሰሶ ከወደቀበት የጥገናው ወጪ የዓመት በጀቱን ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ይበደራል፤ ወለዱም መቁጠር ይጀምራል። ኦዲተሩ «ይህ ምሰሶ የት ነው የቆመው? ማን አቆመው? በየትኛው ቀን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያሳዩት ወረቀት ከሌለ፣ ምሰሶው ቆሞ፣ መብራቱ በርቶ ገንዘቡ ሳይመለስ ይቀራል። የተከፈለውም ቢሆን መልሱ ሊባል ይችላል። ያኔ ዕዳው የሚያርፈው በአባላቱ የመብራት ሂሳብ ላይ ነው።

ይህ ሁሉንም የመብራት ድርጅት ይመለከታል?

አይመለከትም። ለትርፍ የቆሙ፣ ባለአክሲዮን ያላቸው ኩባንያዎች ከዚህ የፌማ እርዳታ አያገኙም። ሂዩስተን የሚኖር ሰው ጁላይ 8 ቀን 2024 ቤሪል የተባለው ሃሪኬን ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ሲከት አይቷል፤ በከተማዋ ያለው ብዙ ሐበሻም ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ምግብ እያወጣ የጣለበት ሳምንት ነበር። የዚያ ከተማ መስመር ባለቤት የግል ኩባንያ ስለሆነ ወጪውን የሚያስመልሰው በግዛቱ የአገልግሎት ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ፣ አስፈቅዶ፣ ለዓመታት ከደንበኞች ሂሳብ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ ነው። እዚያም ማስረጃ ይጠየቃል፤ ሕጉና ጠያቂው ግን ሌላ ነው። ከዚህ በታች ያለው የሚመለከተው የኅብረት ሥራ ማኅበራትንና የመንግሥት ወይም የማዘጋጃ ቤት ተቋማትን ነው።

ፌማ የራሱ ቅጾች አሉት። ታዲያ «አንድ ወጥ ይሁን» የሚባለው ምኑ ነው?

ፌማ ያዘጋጃቸው የማጠቃለያ ቅጾች አምስት ዋና ዋና ነገሮችን ይዘዋል፦ የራስ ሠራተኛ ጉልበት፣ የራስ መሣሪያ፣ ከመጋዘን የወጣ ዕቃ፣ የኪራይ መሣሪያና የኮንትራት ሥራ። ቅጾቹ ደህና ናቸው። ችግሩ ማጠቃለያ መሆናቸው ነው። ከታች የሚጠቃለለው ነገር ወጥ ካልሆነ ከላይ ያለው ሠንጠረዥ ምንም ቢያምር አይረዳም።

ከታች ያለውን እንይ። ማዕበሉ እንዳለፈ ለእርዳታ ከስምንትና ከአሥር ግዛቶች የመስመር ሠራተኞች ይመጣሉ። አንዱ ማኅበር የደመወዝ ሳምንቱ እሑድ ይጀምራል፣ ሌላው ሰኞ። አንዱ ከ8 ሰዓት በኋላ ያለውን አንድ ተኩል ይከፍላል፣ ሌላው ከ16 ሰዓት በኋላ እጥፍ ይከፍላል። አንዱ መኪናውን በቁጥር ይጽፈዋል፣ ሌላው «ትልቁ ክሬን» ብሎ ያልፋል። የአንዱ ቅጽ የሥራ ቦታ የሚል ሳጥን አለው፤ የሌላው «ማዕበል» የሚል አንድ ቃል ብቻ። ይህ ሁሉ ከስድስት ወር በኋላ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል፤ እሷም ፈራሚዎቹን በስልክ ስታፈላልግ ትከርማለች። ግማሾቹ በዚያ መሥሪያ ቤት የሉም።

በአገር ቤት መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን ያውቃል። ዕቃ ሲገባ 19፣ ሲወጣ 22። የትም ክፍለ ሀገር ቢሄዱ ንብረት ክፍሉ ያንኑ ቋንቋ ይናገራል። በልጅነታችን የቢሮክራሲ ምሳሌ አድርገን የምንስቅባት ያቺ ባለካርቦን ደረሰኝ እዚህ የጎደለችውን ነገር ይዛለች፦ ማንም ቢሞላት አንድ ዓይነት መሆኗን። አንድ ወጥ ይሁን ሲባል ከዚህ የተለየ አይደለም። ሁሉም እንግዳ ቡድን ሲገባ የሚሰጠው አንድ የመስክ ቅጽ፣ በሁሉም ላይ የሚጻፍ አንድ የሥራ ቁጥር።

የሥራ ቁጥሩ ለምን ይህን ያህል ይከበራል?

ክሩ እሱ ስለሆነ። ምሰሶው፣ የሠራተኛው ሰዓት፣ መኪናው፣ ከመጋዘን የወጣው ትራንስፎርመር፣ ፎቶግራፉና የኮንትራክተሩ የክፍያ መጠየቂያ በአንድ ቁጥር ከተሳሰሩ ኦዲተሩ የትኛውንም ጫፍ ቢይዝ ሌሎቹ ተከትለው ይመጣሉ። ቁጥሩ ከሌለ አምስት ትክክለኛ ክምሮች ይኖሩዎታል፤ አንዱን ክምር ከሌላው የሚያገናኝ ግን አይኖርም።

ምሰሶው ሥር የሚሞላው ወረቀት ምን ምን ይያዝ?

አንዲት ገጽ ትበቃለች። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የቀረቡ ናቸው።

የሥራ ቁጥር፣ የመስመሩ ስም፣ የምሰሶው መለያ፣ ከስልክ የተወሰደ የሥፍራ ነጥብ። ከዚያ የተገኘው ጉዳት በአጭሩ፦ «40 ጫማ፣ ክላስ 4 ምሰሶ፣ ከመሬት 2 ሜትር ላይ ተሰብሯል፤ ዛፍ ወድቆበት። 25 ኬቪኤ ትራንስፎርመር መሬት ላይ፣ ዘይቱ ፈስሷል።» ከዚያ የተሠራው፦ «40 ጫማ፣ ክላስ 4 ምሰሶ በዚያው ቦታ ቆመ፤ 25 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ተተካ፤ ሽቦው ተነሥቶ ተወጠረ።» ከዚያ የሠራተኞቹ ስም፣ የመኪኖቹ ቁጥር፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት። ሁለት ፎቶግራፍ፦ ሳይነካና ካለቀ በኋላ። በመጨረሻ የቡድን መሪው ፊርማ።

«በዚያው ቦታ» የምትለው ቃል ቀላል ትመስላለች። ምሰሶው ሁለት ሜትር ተጠግቶ ከቆመ፣ በተለይ ረግረጋማ መሬት ወይም የቅርስ ቦታ ከሆነ፣ የአካባቢና የታሪካዊ ጥበቃ ግምገማ ጥያቄ ይነሣል። የ40 ጫማው በ45 ከተተካ ደግሞ ምክንያቱ ያስፈልጋል፤ ፌማ በመሠረቱ የሚከፍለው የነበረውን ለመመለስ ነው። የተሻለ ለመሥራት የግንባታ ደንብ ማስገደዱን ወይም የወደፊት ጉዳት መከላከያ ሆኖ መጽደቁን ማሳየት ይጠይቃል።

ስለ ሰዓት አንዲት ማስታወሻ ለእኛ ሰዎች። «ሁለት ሰዓት» ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት በድካም መሐል 2፡00 ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ይረዳል። 08፡00፣ 20፡00 እያሉ በ24 ሰዓት አጻጻፍ ይጻፉ። እኩለ ሌሊትን የሚያቋርጥ ሥራ ደግሞ ሁለት ቀን ስለሆነ በሁለት መስመር ይጻፍ።

በዝናብ የበሰበሰ፣ ለ16 ሰዓት የሠራ ሰው ቅጽ ሙላ ይባላል?

አይባልም፤ ሊባልም አይገባም። ብዙ የወረቀት ሥርዓት የሚፈርሰው ቢሮ የተቀመጠ ሰው ለራሱ የሚመች ቅጽ አዘጋጅቶ መስመር ላይ ላለ ሰው ስለሚልክ ነው። አርባ ሳጥን ያለው ቅጽ በሦስተኛው ቀን ባዶውን ተፈርሞ ይመጣል። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ሁሉም ቡድን 06፡00 ጀምሮ 22፡00 እንደጨረሰ ይጻፋል። እንዲህ ዓይነት መዝገብ ከመጥፎ ፎቶግራፍ ይልቅ ኦዲተርን ያነቃል፤ አሥራ ሁለት ቡድን አሥር ቀን ሙሉ በአንድ ደቂቃ ሥራ አይጀምርም።

የሚሠራው መላ ለጥቂት ቡድኖች አንድ መዝጋቢ መመደብ ነው። ቆጣሪ አንባቢ፣ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጣ የመስመር ሠራተኛ ይሆናል፤ ከመኪናው ጋር ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ፎቶ ያነሣል። የመስመር ሠራተኛው የሚጠበቅበት አንብቦ መፈረም ብቻ ነው። ታብሌት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሃሪኬን በኋላ የስልክ ማማውም ይወድቃል። ስለዚህ ያለ ኔትወርክ የማይሠራ መተግበሪያ አይግዙ፤ ውሃ የማይበላው ወረቀትና እርሳስም መኪናው ውስጥ ይኑር። በዝናብ እስክሪብቶ ይፈስሳል፣ እርሳስ አይፈስስም።

ቅጹን ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ብናዘጋጀውስ?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። የሃሪኬን ወቅት ጁን 1 ይጀምራል፣ ኖቬምበር 30 ያልቃል። ቅጹ፣ የሥራ ቁጥር አሰጣጡ፣ ለእንግዳ ቡድን የሚሰጠው ገለጻ፣ የዕቃ አወጣጡ በግንቦት ተጠናቆ በአንድ ተራ የነጎድጓድ ቀን ይሞከር።

ፌማ ሥራን የሚመድብባቸው ምድብ ቢ እና ምድብ ኤፍ የሚባሉት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ምድብ ቢ የድንገተኛ መከላከያ ሥራ ነው፤ ምድብ ኤፍ የአገልግሎት መስመሮች ቋሚ ጥገና። ልዩነቱ ደመወዝ ላይ ይታያል። በበጀት የተያዘ የራስዎ ሠራተኛ 8 መደበኛና 8 ትርፍ ሰዓት ሠርቷል እንበል። ሥራው ድንገተኛ ከሆነ የሚታሰበው ትርፍ ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ቋሚ ጥገና ከሆነ 16ቱም ሰዓት። ለሆስፒታል መብራት ለመስጠት ሽቦን በጊዜያዊነት አስሮ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ ምሰሶውን ተክቶ መስመሩን እንደ ደረጃው መሥራት ሌላ። ያው ቡድን በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል። በመስክ ቅጹ ላይ «ጊዜያዊ» ወይም «ቋሚ» የሚል አንድ ምልክት ካልተደረገ ቢሮ ያለው ሰው ይገምታል፤ ግምቱም ውድ ነው።

መኪና ላይ ያለው ወጥመድስ?

ነዳጁ ነው። የፌማ የመሣሪያ ታሪፍ በሰዓት ሲታሰብ ነዳጁን፣ ጥገናውንና እርጅናውን ይጨምራል፤ የሾፌሩን ደመወዝ አይጨምርም። ስለዚህ መኪናውን በታሪፍ አስልቶ የነዳጅ ደረሰኙንም ማቅረብ አንድን ወጪ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው በተንኮል ሳይሆን በትጋት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለእርዳታ የመጡት ጎረቤቶች ናቸው። ስምምነት መጻፍ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፣ በጽሑፍ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በገጠር ኅብረት ሥራ ማኅበራትና በመንግሥት የመብራት ተቋማት መካከል ብዙዎች የፈረሙት አገር አቀፍ የመረዳጃ ስምምነት አለ፤ ማኅበርዎ ፈርሞ እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ። በስምምነቱ ውስጥ «ፌማ ከከፈለን እንከፍላችኋለን» የሚል አንቀጽ አይግባ። አስተዋይነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ወጪው ተቀባይነት እንዲያጣ ማድረግ ነው። ፌዴራል መንግሥት ባይኖርም እከፍላለሁ የተባለ ዕዳ ነው ወጪ የሚባለው።

ኮንትራክተር ስንቀጥር ምን እንጠንቀቅ? አደጋ ላይ ሆነን ጨረታ እናውጣ?

ሕይወት አደጋ ላይ ባለበት ጊዜ ያለ ውድድር መቅጠር ይፈቀዳል። ግን ጊዜው ሲያልፍ ፈቃዱም ያልፋል፤ መቼ እንዳለፈም የሚመሰክረው ወረቀት ነው። ለምን ያለ ጨረታ እንደተቀጠረ የሚገልጽ ግማሽ ገጽ በዚያው ሳምንት ተጽፎ ፋይል ይግባ። የወጪውን መቶኛ ትርፍ አድርጎ የሚከፍል ውል በፌዴራል ደንብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በሰዓትና በዕቃ የሚከፈል ውል የሚፈቀደው ሌላ አማራጭ ሳይኖር ሲሆን፣ ጣሪያ ዋጋም ሊኖረው ይገባል።

ፖርቶ ሪኮን ያየ ሰው ይህን እንደ ተራ ደንብ አያነብበውም። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ሃሪኬን ማሪያ ስትመታት የደሴቲቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ባለሥልጣን አስቀድሞ በኪሣራ ሂደት ላይ ነበር። ማዕበሉ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞችን አጨለመ። ባለሥልጣኑ እንደ ወጉ የሌሎች ተቋማትን የመረዳጃ ቡድኖች በመጥራት ፈንታ ዋይትፊሽ ኢነርጂ ከተባለ አነስተኛ የሞንታና ኩባንያ ጋር የ300 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። ኩባንያው ማሪያ በደረሰችበት ዕለት የነበሩት ቋሚ ሠራተኞች ሁለት ነበሩ። ውሉ በንዑስ ኮንትራት ለሚመጣ አንድ የመስመር ሠራተኛ በሰዓት 319 ዶላር ያስከፍላል። ከዚህ ሁሉ የባሰው አንዲት አንቀጽ ነበረች፦ ባለሥልጣኑም ሆነ ፌማ የኩባንያውን ወጪና ትርፍ ኦዲት የማድረግ መብት የላቸውም ትላለች። ውሉ ፌማ እንዳጸደቀው አድርጎም ይናገር ነበር፤ ፌማ ግን አላጸደቅሁም፣ ዋጋው ተገቢ ስለመሆኑም ብርቱ ጥርጣሬ አለኝ አለ። ኦክቶበር 29 ውሉ እንደሚሰረዝ ተነገረ። የመረዳጃ ቡድኖች ጥሪ የተላለፈው ከዚያ በኋላ፣ ማዕበሉ ካለፈ ከአርባ ቀን በላይ ቆይቶ ነው። የመጨረሻዎቹ ቤቶች መብራት ሲያገኙ ወደ አንድ ዓመት ተጠግቶ ነበር።

በ2020 ፌማ ለባለሥልጣኑ መልሶ ግንባታ ወደ 9.6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ መደበ። «ተመደበ» እና «ተከፈለ» ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የፕሮጀክት ዶሴ ነው። በእኔ አስተያየት የመረዳጃው ስምምነትና አንድ ንጹሕ የውል ናሙና በነሐሴ መሳቢያ ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ ቢያንስ ያ አርባ ቀን ባጠረ ነበር።

ሁለት ሃሪኬን ያንኑ መስመር ቢመታስ?

ይህ የተረት ጥያቄ አይደለም። ደቡብ ምዕራብ ሉዊዚያናን ላውራ ኦገስት 27 ቀን 2020 መታች፣ ደልታ ደግሞ ኦክቶበር 9፤ በመካከላቸው 43 ቀን ብቻ ነበር፣ የገቡበትም ቦታ ጎን ለጎን ነው። ሁለቱ የተለያየ የአደጋ አዋጅ ቁጥር አላቸው፦ 4559 እና 4570። የላውራን ስብራት እየጠገኑ ሳለ ደልታ ስትመጣ፣ ትናንት የቆመ ምሰሶ ዛሬ ቢወድቅ የማን ነው? መልሱን የሚሰጠው የመስክ ቅጹ ቀንና ፎቶግራፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ማዕበል ሲታወጅ በዚያው ቀን የመጀመሪያውን መዝገብ ይዝጉና ሌላ የሥራ ቁጥር ተከታታይ ይክፈቱ። በአንድ ክምር ውስጥ የተቀላቀለ ወረቀት በኋላ አይለይም።

ኦዲተሩ «ምሰሶው ቀድሞም የበሰበሰ ነበር» ቢለን?

ሊልም ይችላል፤ ጉዳቱ ከማዕበሉ መሆኑን ማሳየት የእርስዎ ድርሻ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው ከማዕበሉ በፊት የነበረ ወረቀት ነው፦ የምሰሶ ምርመራ መዝገብ፣ የዛፍ ቆረጣ መርሐ ግብር፣ የጥገና ታሪክ። ሽቦ ላይ ክርክሩ ይበረታል። ምሰሶ ተሰበረ ወይም አልተሰበረም፤ ሽቦ ግን ሳይበጠስ ከመጠን በላይ ሊለጠጥ ይችላል። ሙሉውን መስመር ለመተካት የፌማ መመሪያ ያስቀመጣቸው መለኪያዎች አሉ፤ የሚቆጠሩትም በመስመር ክፍል ነው። ስለዚህ ጉዳቱ በክፍል በክፍል ካልተቆጠረ፣ ፈቃድ ያለው ኢንጂነርም አይቶ ካልፈረመበት «ሽቦው ሁሉ ተጎድቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን አይቆምም። ደግሞም ቁጥሩ መወሰድ ያለበት ሽቦው ተመልሶ ሳይወጠር ነው።

የትኛውን መመሪያ እንከተል? በየጊዜው ይቀያየራል።

አደጋው በታወጀበት ቀን በሥራ ላይ የነበረውን። አራተኛው እትም ከጁን 2020፣ አምስተኛው ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የሚሠሩ ናቸው። የቆየ ማዕበል ገና ያልተዘጋ ፋይል ካለዎት አዲሱን መመሪያ አንብበው የድሮውን ዶሴ አያርሙ።

ወረቀቱን የሚሠራው ሰው ደመወዝስ ከየት ይመጣል?

ይህን ብዙ ማኅበር ሳይጠይቅ ይተዋል። ከ2018 የሕግ ማሻሻያ ወዲህ አመልካቹ ለአስተዳደር ሥራው ከጠቅላላው የእርዳታ መጠን እስከ 5 በመቶ ሊጠይቅ ይችላል። መዝጋቢውም፣ የሂሳብ ሠራተኛዋም የሠሩበትን ሰዓትና ጉዳይ ይጻፉ፤ ወረቀት ስለመሥራትም ወረቀት አለ ማለት ነው።

የጊዜ ገደቦቹ የትኞቹ ናቸው?

አካባቢዎ በአዋጁ ከተካተተበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ የእርዳታ ጥያቄ ማቅረብ፤ ከፌማ ጋር ከሚደረገው የመጀመሪያ የጉዳት ስብሰባ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳቱን ሁሉ ማስመዝገብ፤ ድንገተኛውን ሥራ በ6 ወር፣ ቋሚውን በ18 ወር ከአዋጁ ቀን ጀምሮ መጨረስ። ማራዘሚያ አለ፤ የሚሰጠው ግን ቀኑ ሳያልፍ በምክንያት ለጠየቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጠው የ60 ቀኑ ነው፤ ሁሉም ሰው ገና መስመር ላይ ስለሚሆን።

ፋይሉን መቼ መጣል ይቻላል?

በጥቅሉ የመጨረሻው የወጪ ሪፖርት ከቀረበበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ይቀመጣል፤ ክርክር ወይም ኦዲት ከተጀመረ እስኪያልቅ። የሚቆጠረው ማዕበሉ ካለፈበት ቀን ወይም ምሰሶው ከቆመበት ቀን አይደለም፤ ግዛቱም ከዚህ የረዘመ ጊዜ ሊያዝ ይችላል። የወረቀት ዋናውን ስካን አድርገው ቅጂውን ከአገልግሎት ክልልዎ ውጭ ያስቀምጡ። የሚቀጥለው ሃሪኬን መዝገብ ቤቱንም ሊያጥለቀልቅ ይችላል።